ብልጭ አለብኝ

ባለፈው ሰሞን ሮቤ ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ማዶ ካለች አንዲት የኮምፒውተር ጽሕፈት ሱቅ ገብቼ ነበር። ስንት ዘመን በሣጥን ያኖርኳቸውን ግጥሞች አንድ ላይ ላስጽፋቸው አስቤ ነው፤ እኔ ስሞት ልጆቼ እሳት መለኮሻ እንዳያደርጓቸው። ልጅቷ ሦስት ቀን ሙሉ ጽፋ ጨረሰችና ቀና ብላ «አባባ፣ ፍላሽ ይዘዋል?» አለችኝ። «ምን?» አልኳት። «ፍላሽ። ጽሑፉን የሚወስዱበት።» «እኔ የምወስደው በወረቀት ነው፣ ልጄ።» አጠገቧ ወንበር ገልብጦ የተቀመጠ አንድ ጎረምሳ ሳቀ። ስልኩን አውጥቶ ያስረዳኝ ጀመር፤ ፍላሽ ማለት በእንግሊዝኛ ብልጭታ ነው አለ። ፎቶ ሲነሡ ቦግ የምትለዋም ፍላሽ ናት፤ በእጅ የሚያዘው ባትሪም እንደዚሁ፤ ሰበር ዜናም ፍላሽ ይባላል፤ ፊልም ላይ ሰውዬው በሐሳብ ወደ ልጅነቱ ሲመለስም ፍላሽ ነው፤ አንዳንድ አገር ደግሞ አንዴ ደውሎ መዝጋት ፍላሽ ማድረግ ይሉታል። «አንድ ቃል ይህን ሁሉ ይዞ ዝም ብሎ ይኖራል!» አለ፣ ራሱ የፈጠረው ይመስል። «አባባ፣ እሱን አይስሙት፣ ከጀመረ አያቆምም፣ ሥራ ፈት ነው» አለች ልጅቷ። «ፍላሽ ከሌለዎት በወረቀት ላትምልዎት።»

ግድግዳውን ተደግፌ ተቀመጥኩ። ልጅቷ ደንግጣ ውሃ አመጣችልኝ፤ ዕድሜ መሰላት። እኔን ያስቀመጠኝ የልጁ ፊት ነው። አንድን ቃል አገላብጦ ትርጉሙን የሚቆጥር ሰው ፊት ላይ የሚወጣውን ደስታ ከማንም ይልቅ አውቀዋለሁ። ያ ደስታ በሃያ ዓመቴ የእኔ ነበር። በዚያ ደስታ ምክንያት አንድ ሰው መሬቱን አጥቷል።

ያኔ ሮቤ ከተማ አልነበረችም። ገበያ ነበረች፤ የገበያው ቀን ሲያልፍ ሜዳ ነው የምትሆነው፣ ቁራና የገለባ ብናኝ ብቻ። ከተማ ማለት ጎባ ነበር። ከላይ ከሳንኤቴ የሚወርደው ብርድ እስከ ቀትር ድረስ ጎዳናው ላይ ይንጎራደዳል፣ ጉሙም ከቶጎና ወንዝ እየተነሣ ደጃፍ ድረስ ይመጣል፤ ሰው ሁሉ እርጥብ የሱፍ በርኖስና የጥድ ጭስ ይሸታል። ወደ ወንዙ በሚያወርደው ቁልቁለት ላይ የዓረቡ ሱቅ ነበረች። ላምባ በጣሳ ስሙኒ ነበር፤ ሸራ ጫማ ሁለት ብር ከሽልንግ፤ ነጩ አቡጀዲ በክንድ እየተለካ ይሸጣል፣ ዓረቡም ክንዱ አጭር ስለነበር ሴቶቹ «ልጅህን ጥራና እሱ ይለካልን» እያሉ ይሰድቡት ነበር። ከሱቁ ማዶ ባለው ጠጅ ቤት አንድ ሸክላ ማጫወቻ ነበር፣ አንድ ሸክላ ብቻ ያለው። አንዲት ሴት ስለ ሄደ ሰው ታዜማለች፤ መሐል ላይ መርፌው ሁልጊዜ እዚያው ቦታ ይዘላል፤ እኛም ጠጪዎቹ ከመለመዳችን የተነሣ መዝለሉንም አብረን እንዘፍን ነበር። ዛሬም ያን ዜማ ሳንጎራጉር እዚያች ቦታ ስደርስ እዘላለሁ።

አያቴ ከሰሜን ከጦሩ ጋር የመጣ ነው። ባሌን ስለመውጋታቸው ሲያወራ ትንሽ ነበር የሚያወራው፤ ስለ ፈረሶቹ ግን ብዙ። ለአገልግሎቱ መሬት ተሰጠው ይሉናል። እውነቱን ለመናገር የተሰጠው መሬት ብቻ አልነበረም፤ መሬቱ ላይ የነበሩት ሰዎችም አብረው ተሰጡት። አባቴ እዚሁ ጎባ ተወልዶ እዚሁ ሞተ፤ «አገሬ» ሲል ግን አንድም ቀን ያላየውን የመንዝ ጋራ ማለቱ ነበር። እኔ ኦሮምኛን ከአማርኛ እኩል አፌን ፈታሁበት፤ ሲርበኝ በአንዱ፣ ስቆጣ በሌላው። ፊደል ቆጥሬ ዳዊት ከደገምኩ በኋላ ያስተማረኝ ሰው የለም። የተማርኩት ከግድግዳ ነው። በዚያ ዘመን የተሻለ ኑሮ ያለው ሰው የጭቃ ግድግዳውን በጋዜጣ ይለጥፈዋል፣ የሚለጥፉት ሴቶች ደግሞ ስለማያነቡ ግማሹ የተዘቀዘቀ ነው። ለቅሶ ቤት ገብቼ አንገቴን ሰብሬ ሳነብ «ይህ ልጅ እንዴት አዝኗል» እየተባልኩ አደግሁ። ግጥም መጻፍ ጀመርኩ። አንድ ሥራ ላይ አልቀመጥ አልኩ፤ ወፍጮ ቤት ሦስት ወር፣ ዓረቡ ዘንድ አምስት ወር፣ ከሲራራ ነጋዴ ጋር እስከ ሼክ ሁሴን ደርሼ ተመለስኩ። የማልጥለው ሰማያዊ ልባስ ያለው ደብተሬን ብቻ ነበር። ከሰው አፍ የሰማሁትን ቃል እዚያ አስቀምጣለሁ፤ ለአንዱ ቃል ብዙ ትርጉም ሳገኝለት የወርቅ ጉድጓድ ያገኘሁ ይመስለኝ ነበር። በዚያ ዓመት የያዘኝ ቃል «ብልጭ» ነበር። ከየጠጅ ቤቱ፣ ከየለቅሶው፣ ከሴቶች ጠብ ላይ እየለቀምኩ እጽፍ ነበር።

ሁለት ቋንቋ ማወቄን አይተው የፍርድ ቤት ቱርጁማን አደረጉኝ። ችሎቱ ጎባ ኮረብታው ላይ ነበር፣ ቆርቆሮ ከለበሱት ጥቂት ቤቶች አንዱ። ዳኛው ግራዝማች ነበሩ፣ ከሸዋ ከመጡ ዓመት ያልሞላቸው፣ ክፉ ሰው ያልነበሩ፤ ግጥም ይወዱ ነበር፣ ክፋቱም እዚያ ላይ ነው። ጸሐፊው ጋሽ ሞገስ ይባላሉ፣ ብዕራቸውን ምላሳቸው ጫፍ ላይ ስለሚያረጥቡ ከንፈራቸው ሁልጊዜ ሰማያዊ ነበር። እኔ መስቀል ጨብጬ የሰማሁትን ሳልጨምርና ሳልቀንስ ላስተረጉም ምያለሁ። አንድ ጊዜ የጎሮ ሰው ምስክሩን መቼ እንደሚያመጣ ቢጠየቅ «ለገና» አለ። እኔም «ለገና አመጣለሁ ይላል» አልኩ። ግራዝማች «ታኅሣሥ ሃያ ዘጠኝማ በዓል ነው፣ በማግስቱ ይምጣ» ብለው ቀጠሮ ሊሰጡ ሲሉ ሳቄ አመለጠኝ። «ጌቶች፣ ገና በእነርሱ ቋንቋ የበልጉ ዝናብ ነው፤ መጋቢት፣ ሚያዝያ ማለቱ ነው» አልኳቸው። ችሎቱ በሳቅ ፈረሰ። «ይህ ልጅ ባይኖር ልደትን ከበልግ ጋር እናከብር ኖሯል!» አሉ። ያን ቀን በኩራት ጎዳናው ጠቦኝ ነው የሄድኩት። ይህን የማነሣው ቃል ማቃናት እንደምችል፣ ማቃናትም ምን ያህል ቀላል እንደ ነበር እንድታውቁልኝ ነው። የሚያስቅ ሲሆን ቀላል ነበር።

ከጎባ ወደ ሮቤ ስትወርዱ፣ ሻያ ወንዝ ሳይደረስ፣ በስተቀኝ ጥቁር አፈር ያለበት ተረተር አለ። ዛሬ የብሎኬት መጋዘን ቆሞበታል። ያኔ የአማን ገልቹ እርሻ ነበር። አማን ዕድሜው የአባቴ እኩያ፣ ረጅም፣ ቃል የሚቆጥብ ሰው ነበር፤ ሚስትና ሁለት ሴቶች ልጆች አሉት፣ ከእሱ ሌላ የሚያርስ ወንድ በቤቱ የለም። እርሻው ጫፍ ላይ በበጋም የማትደርቅ ምንጭ ነበረች። ጎረቤቱ ባላምባራስ ወንድይራድ ናቸው፣ መሬት የተመሩ፣ ከብታቸው የበዛ፣ ምንጭ የሌላቸው። ድንበሩ ላይ ያለው ችካል በየእርሻው ወቅት አንድ ክንድ፣ ሁለት ክንድ ወደ ምንጯ እንደሚሄድ አገር ያውቀው ነበር። ታዲያ አንድ ሐምሌ የባላምባራስ የበልግ ገብስ ተከምሮ ሳለ ክምሩ ነደደ። አማን አቃጠለው ተብሎ ተከሰሰ።

አማን ቢፈረድበት የሚሆነውን ችሎት የገባ ሁሉ ያውቃል። ከተፈረደበት ይታሰራል፤ ከታሰረ የሚያርስ የለም፤ ያልታረሰ መሬት ግብሩ ይቋረጣል፤ ግብሩ የተቋረጠ መሬት ጠፍ ይባልና ለጠየቀ ይሰጣል። የሚጠይቀው ደግሞ ፊት ለፊት ከዘራውን ተደግፎ ተቀምጧል። አማን ክምሩ ሲያያዝ እዚያ ቆሞ ያየው እንጂ ሲለኩስ ያየው ምስክር አልነበረም። ሁሉም ነገር ያረፈው እሱ በሚሰጠው ቃል ላይ ነበር፤ የእሱ ቃል ደግሞ በእኔ አፍ ነበር የሚመጣው።

«ጠይቀው» አሉኝ ግራዝማች፣ «ክምሩ ሲነድ የት ነበር?»

ጠየቅኩት። አንተ እያልኩ ነው የጠየቅኩት። በአባቴ ዕድሜ ያለውን ሰው፣ በርኖስ ካልለበሰ አንተ ማለት ያኔ እንደ መተንፈስ ነበር። እሱ ግን በኦሮምኛ እኔን፣ ጢሙ ያልጠናውን፣ በአክብሮት ነበር የሚያናግረኝ። ቁርኣኑ ላይ እጁን እንደጫነ መለሰ፤ መልሱም አጭር ነበር። ድንበሩ ላይ ቆሜ ነበር አለ። ፊቴ ላይ በለቄሳ። ከዚያ ክምሩ ነደደ።

በለቄሳ የሰማይ ብርሃን ነው። ኦሮምኛ የሚመታውን በከካ፣ የሚያበራውን በለቄሳ ብሎ ይለያል። አማን ሲመታ አላየም፤ ያየው ብርሃኑን ነው፣ ያየውን ብቻ ተናገረ። እኔም «መብረቅ» የሚለው ቃል አፌ ድረስ መጥቶ ነበር። መልሼ ዋጥኩት። ከባድ መሰለኝ፣ የቄስ ቃል መሰለኝ፣ እሱ ያላለውን መምታት የምጨምርበት መሰለኝ። ደግሞም ደብተሬ በብብቴ ነበር። ደረቴን ነፍቼ፣ ድምፄን መጨረሻው ላይ ዝቅ አድርጌ፣ ስንኝ እንደሚያነብ ሰው «ድንበሩ ላይ ቆሜ፣ ብልጭ አለብኝና፣ ክምሩ ነደደ» አልኩ።

ግራዝማች ቀና አሉ። «ብልጭ አለብኝ አለ?»

«አዎን ጌቶች፣ እንደዚያ አለ።»

«አመነ በለኛ!» ወደ ጸሐፊው ዞሩ። «ጻፍ።»

ባላምባራስ ጉልበታቸውን መቱ። «ቃሉን ስሙልኝ! ብልጭ አለብኝ ይላል! እኔስ ብልጭ ቢልብኝ ማን ሊቆም ኖሯል አጠገቤ!» ሰዉ ሳቀ። የገባኝ በዚያ ሳቅ ውስጥ ነው። ድንበር ላይ የቆመ ሰው፣ ብልጭ ያለበት፣ ከዚያ የነደደ ክምር። ንዴት። ደብተሬ ላይ በራሴ እጅ የጻፍኩት ትርጉም ነው፤ ከጠጅ ቤት ነው የለቀምኩት፣ ሁለት ሰዎች ሲፈነካከቱ። የጋሽ ሞገስ ብዕር ቀለም ሁለት ጊዜ እስኪጠቅስ ድረስ ጊዜ ነበረኝ። አፌንም ከፍቼ ነበር። ግራዝማች ወደ እኔ ዞረው «ጎበዝ፤ እንዲህ ጥርት አድርጎ የሚያስተረጉም አላጋጠመኝም» አሉኝ። አፌን ዘጋሁት።

አማን ሳቁን ሰምቶ ወደ እኔ ጎንበስ አለ። «ምን አሉ?» አለኝ በኦሮምኛ።

«ቃልህን ጻፉ» አልኩት።

ሁለት ዓመት ተፈረደበት። ሲወስዱት ማንም አልጮኸም፤ ሚስቱ ደጅ ቆማ ነበር፣ ምን እንደተባለ የሚነግራት ፈልጋ የሰውን ፊት በየተራ ታያለች። እኔ በጓሮ በር ወጣሁ።

በማግስቱ ጠዋት ጋሽ ሞገስ ዘንድ ሄድኩ። ጠረጴዛቸው ላይ ቆሎ አፍሰው እየቆረጠሙ መዝገብ ይገለብጡ ነበር። «ጋሼ፣ ትላንት የተጻፈው ቃል» ብዬ ስጀምር «ቀለሙ ደርቋል» አሉኝ ቀና ሳይሉ።

«ሰውየው ሰማይ ማለቱ ነበር።»

«ሰማይ? መዝገቡ ውስጥ ሰማይ የሚል ካለ አሳየኝ።»

«የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ላቃናው።»

ያን ጊዜ መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ። «መሐላህን የመዘገብኩት እኔ ነኝ። በሐሰት ያስተረጎመ ቱርጁማን ምን እንደሚያገኘው ልንገርህ? ከሰውየው ጎን ያስሩሃል፣ እዚያ ቁጭ ብለህ እንደልብህ ታስተረጉምለታለህ። ባላምባራስስ ዝም የሚሉህ ይመስልሃል? አባትህ የሚያርሰው መሬት ከማን መሬት ጋር ነው የሚዋሰነው?» ቆሎ ዘገኑና ዘረጉልኝ። «በል ያዝ። ሂድና ግጥምህን ጻፍ፣ ልጄ።»

ቆሎውን ተቀበልኩ። የከፋው ግን ግጥሙንም መጻፌ ነው። በዚያው ሳምንት ስለ ብልጭታ የጻፍኩት ግጥም በዕድሜዬ ከጻፍኩት ሁሉ የሚበልጥ ነው። ጠጅ ቤት አነበብኩት፣ ሰዎች በቃላቸው ያዙት፤ ግራዝማች አስጠርተው አስነበቡኝና ከላያቸው ላይ ካኪ ኮታቸውን አውልቀው ሸለሙኝ። አራት ኪስ ነበረው፣ አዝራሩ የናስ። ብርድ የማያውቅ ኮት ነበር። ሮቤ ያለችው ልጅ ስትጽፍልኝ ያን ግጥም ከመሐል አውጥቼ ኪሴ ውስጥ አስቀረሁት።

በሁለተኛው ዓመት መጀመሪያ መሬቱ ጠፍ ተባለና ቀላድ ጣዮች መጡ፤ ቀላድ መሬት የሚለካበት ገመድ ነው። እኔን ለማስተርጎም ይዘውኝ ሄዱ። ያኔ አጥር የሌለው አገር ነበር፤ ዛሬ በዚያ መንገድ ሳልፍ የማየው የሽቦ አጥር ብቻ ስለሆነ ሜዳው እንዴት ይከፈት እንደ ነበር ለልጆቼ ማስረዳት አልችልም። ገመዱን ከችካል ችካል ይወረውራሉ፣ አንዱ ይጮኻል፣ አንዱ ይጽፋል፣ ባላምባራስ በበቅሎ ከኋላ ይከተላሉ። የአማን ሚስት እንስራዋን አዝላ ምንጯ አጠገብ ቆማ ነበር። «ይህ ገመድ ምን እያለ ነው?» አለችኝ። ምን ልበላት? እኔ ያን ቀን ሳስብ የነበረው ቀላድና ቀልድ የሚለያዩት በአንዲት ፊደል እግር ብቻ መሆኑን ነው። ማታ ቤቴ ገብቼ ይህንንም ጻፍኩት። እንደዚህ ያለ ሰው ነበርኩ። ገመዱ ምንጯን አልፎ ሲወድቅ ሴትዮዋ ውሃዋን ቀድታ፣ ሁለቱን ልጆች አስከትላ ሄደች፤ ወደ ጎሮ፣ ወንድሟ ዘንድ ነው አሉ።

አማን የወጣው ባላምባራስ ሁለት ጊዜ ከዘሩበት በኋላ ነው። ሮቤ ገበያ ላይ አገኘሁት። እኔ ያኔ ዋና ቱርጁማን ሆኛለሁ፣ ካኪ ኮቴን ለብሼ በቅሎ ልገዛ ዋጋ እከራከራለሁ። አንድ ሰው ከኋላዬ በአማርኛ «እንደምን ነዎት፣ ጌታዬ» አለኝ። ዞር ብል እሱ ነው። ቁመቱ አጥሮ፣ ትከሻው ላይ ያደረገው ቡልኮ ሰፍቶት።

«አማርኛ ከየት አመጣህ?» አልኩት።

«ከወህኒ ቤት፣ ጌታዬ። እዚያ ያለ አማርኛ ውሃም አይሰጡም።»

ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም። እርስዎ ማለቱ ከአክብሮት አልነበረም፤ የተማረው አማርኛ ዘበኛ የሚለመንበት አማርኛ ስለሆነ አንተ የሚል ቃል ገና አፉ አልገባም ነበር።

«ያስተማረኝ አንድ የበግ ሌባ ነው» አለኝ። «የመንዝ ሰው። በምን ታሰርክ አለኝ። ያን ቀን እርስዎ ያሉትን ቃል በጆሮዬ ይዤው ነበር፤ ትርጉሙን አላውቅም እንጂ ድምፁን ይዤዋለሁ። ብልጭ አለብኝ። ነገርኩት። ሌባው ሆዱን ይዞ ሳቀ። ‹ታዲያ ራስህ ካመንክ ምን ትነጫነጫለህ!› አለኝ። እኔ ያመንኩ መሆኔን ያወቅሁት ያን ቀን ነው፣ ጌታዬ።»

በቅሎ ሻጩ ከጎኔ ዋጋ ይጠራል። የበቅሎዋን ከንፈር ገልጬ ጥርሷን አየሁ።

«ይግባኝ ብያለሁ» አለ አማን። «ዘመዶቼ ጻፉልኝ፣ ተቀበሉን። ሐሙስ ነው። እርስዎ ይምጡና ‹ሰማይ ማለቱ ነበር› ይበሉ። ሌላ ምንም አይበሉ። ሦስት ቃል ነው፣ ቆጥሬዋለሁ።»

«እመጣለሁ» አልኩት።

«በእግዜር ስም?»

«በእግዜር ስም።»

ሁለቱን እጆቹን ዘርግቶ እጄን ያዘ። «ልጆቹን ከጎሮ አመጣቸዋለሁ» አለ። «መሬታቸው ሲመለስ ቆመው ይዩ።»

ሄድኩ። አለመሄድ ይቀል ነበር፣ ግን ሄድኩ፤ የሄድኩትም ሦስቱን ቃላት ልናገር ነው፣ መንገዱን ሁሉ ከንፈሬ ላይ ይዣቸው ነበር። ይግባኙን የሚሰሙት ሦስት ዳኞች ነበሩ፣ የመሐለኛው ቀኛዝማች። አማን አንድ ጥግ ቆሟል፣ ሁለቱ ልጆቹ ግድግዳው ሥር ተቀምጠዋል። ባላምባራስ በርኖሳቸውን ደርበው ፊት ወንበር ላይ ናቸው። ጋሽ ሞገስ የድሮውን መዝገብ ከፍተው ብዕራቸውን በጨርቅ ይወለውላሉ።

«የተከሳሹን ቃል ያስተረጎምክ አንተ ነህ?» አሉ ቀኛዝማች። «ብልጭ አለብኝ ሲል ምን ማለቱ ነበር?»

ሰማይ ማለቱ ነበር ብል የሚቀጥለው ጥያቄ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ታዲያ ለምን ያን ጊዜ አላልክም? ጋሽ ሞገስ መወልወሉን አቆሙ። አባቴ የሚያርሰው መሬት ታየኝ፣ ኮቴ ታየኝ። ከዚያም አንድ ነገር አገኘሁ፤ ውሸት ያልሆነ፣ እውነትም ያልሆነ። ያን ጊዜ ግሩም ነገር መስሎኝ ነበር።

«ጌቶች» አልኩ፣ «ቃሉ ብዙ ትርጉም አለው።»

በጣቴ እየቆጠርኩ ጀመርኩ። ሰማይ ሲያበራ ብልጭ አለ ይባላል አልኩ። ጠመንጃ ሲተኮስ ከአፈ ሙዙ ብልጭ ይላል። ፀሐይ ያረፈችበት ጎራዴም ብልጭ ይላል፤ በጥፊ የተመታ ሰውም ዓይኑ ላይ ብልጭ ይልበታል። ዳኞቹ ፈገግ ማለት ጀመሩ፣ እኔም ሞቀኝ። ሐሳብ ድንገት ሲመጣ ብልጭ አለልኝ ይባላል፤ ተስፋም ብልጭ ይላል፤ መጥቶ ሳይቆይ የሄደ እንግዳ ብልጭ ብሎ ጠፋ ይባላል። «ንዴትም» አልኩ በመጨረሻ፣ «ንዴትም ብልጭ ይላል፣ ጌቶች።» ለእያንዳንዱ ምሳሌ ሰጠሁ። ለጥፊው የሰጠሁት ምሳሌ ባላምባራስን ሳይቀር አሳቀ። ከዚያ ቀን በፊትም በኋላም እንዲህ አምሮ ተናግሬ አላውቅም።

«እሺ፣ ይህ ሰው የትኛውን ነው ያለው?» አሉ ቀኛዝማች ዓይናቸውን እየጠረጉ።

«ያን የሚያውቀው ተናጋሪው ነው፣ ጌቶች። የእኔ ሥራ ቃሉን ማሳለፍ ነው።»

«ይህ ቱርጁማን አይደለም፣ ቅኔ ቤት ነው!» አሉ። ሦስቱ ጭንቅላታቸውን አገናኝተው ጥቂት አንሾካሾኩ። ተናጋሪውን ማንም አልጠየቀውም፤ ቃሉ ተሰጥቷል፣ ተጽፏል፣ አስተርጓሚውም ስሕተት ነው አላለም። የሥር ፍርድ ቤቱ ፍርድ ጸና ተባለ። ባላምባራስ ሲወጡ ትከሻዬን መታ አደረጉኝ።

አማን በሩ ላይ ጠበቀኝ። ልጆቹ ቀድመውት ቁልቁለቱን ጀምረዋል፤ ትልቋ እየዞረች ታየዋለች። እኔ ላስረዳው ነበር፣ ውሸት አለመናገሬን፣ ሰማይን ከሁሉ አስቀድሜ መጥራቴን። አሁን አማርኛ ይሰማል፣ ሁሉንም ሰምቷል። ቡልኮውን ትከሻው ላይ አስተካክሎ ረጋ ብሎ አየኝ።

«ሰባት አልክ?» አለኝ። አንተ ሲለኝ የመጀመሪያው ነበር።

«ስምንት» አልኩት።

«ስምንት» ብሎ ደገመውና ልጆቹን ተከትሎ ወረደ። ለዚያ ሰው በዕድሜዬ ያረምኩለት ስሕተት ይህ ብቻ ነው።